ያለ ጉዳይ መሄድ

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

መሄድ አለብኝ፤ ያለ ጉዳይ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር እንዲህ ሲል ፈረደብኝ፦ ሻይ ያለ ስኳር፣ ማር ጨርሶ የለም፣ በየማለዳው እስኪያልብዎ ድረስ በእግር መሄድ። «እምቢ ካሉ ግን የኔታ፣ ዛሬ የደነዘዘው እግርዎ ነው፤ ነገ ዓይንዎ ይከተላል» አለኝ። ፊደል ያስቆጠርሁት ልጅ ነውና አልተቆጣሁም። የዳዊቴ ፊደል ከወዲሁ ጭጋግ እንደ ለበሰብኝ አልነገርሁትም። ለባለቤቴ ለአስካለ ደግሞ የስኳር በሽታ እንዳለብኝም አልነገርኋትም።

እኔ ባደግሁበት ሥርዓት የተከበረ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለቤተ ክርስቲያን፣ ለችሎት፣ ለገበያ ወይም ለለቅሶ ነው። ሄዶ ሄዶ፣ ምንም ሳይፈጽም የሚመለስ እብድ ነው።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋጋ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ወጣሁ። ጂንካን ጉም ውጧታል። ላሞቹ ከነጩ ውስጥ ቀንዳቸውን ብቻ አውጥተው ይንሳፈፋሉ። እግሬ መሬት መርገጡን ስለማይነግረኝ በደመና ላይ የምራመድ መሰለኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ዕድሜዬን ረሳሁ።

ገበሬው ጎረቤቴ ያዕቆብ ጉሙን ሰንጥቆ መጣ። «የኔታ! በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?»

«የትም» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ለቅሶ» አልሁ።

ባርኔጣውን አወለቀ። «ውይ! የት?»

«ገዘር።»

ከዚያማ ሜዳውን ትቼ፣ ከዓይኑ እስክሰወር ድረስ በገዘር መንገድ መሄድ ግድ ሆነብኝ። አላበኝ። ድሬሰሩ ደስ ይለው ነበር።

ረቡዕ

ከጉዞዬ ስመለስ ግቢዬ በሰው ተሞልቷል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ያዕቆብ ከጸሎት ቤቱ ሰዎች ጋር እንጨት ተሸክሞ መጥቷል። አስካለ መሬት ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች።

ያላት አንድ ወንድም የሚኖረው ገዘር ነው። ይህን እንዴት አላሰብሁም! ሞት ከቅርብ ዘመድ ተደብቆ ቆይቶ ማለዳ እንደሚረዳ ማን ያጣዋል? ጎረቤቱ ሁሉ ከያዕቆብ ሰምቶ፣ የእኔን ዝምታ እንዲያ ተረድቶ፣ ሊያረዳት መጣ።

«ወንድሜን ቀብረው መጥተው፣ አብረውኝ እራት በሉ!» አለችኝ።

ሁሉም ፊት ቆሜ ተናገርሁ። «የሞተ የለም። ስኳር አለብኝ። የምሄደው ለመሄድ ብቻ ነው።»

«ለመሄድ ብቻ?» አለች አንዲት አሮጊት። «ታዲያ የእኔን ፍየሎች ይዘውልኝ አይሄዱም?»

ሳቁ ግቢውን አናወጠው። አስካለ አልሳቀችም። «በሽታዎንም ደበቁኝ» አለች።

ሐሙስ

አልወጣሁም። ዝናብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ ካፊያ ነበር። ሻዬ ላይ ስኳር ጨምሬ አማሰልሁ። አስካለ አየችኝና የስኳሩን ጣሳ ወደ እኔ አስጠጋችው። ያ ከሳቁ ባሰብኝ።

ቀን ጋደም ብዬ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሜዳውን አየሁት። ባዶ ነው፤ ነጭ ነው፤ ወዴት ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።

ዓርብ

ወጣሁ። ያዕቆብ ከሩቁ እየሳቀ «የኔታ፣ ወዴት?» አለ።

«የትም!»

«እኔም ወደዚያው ነኝ» ብሎ ጥቂት ሸኘኝና ወደ እርሻው ታጠፈ።

ዞር ስል አስካለ፣ አብረን ስንወጣ እንደምታደርገው፣ ከኋላዬ ትከተላለች። እርምጃዬን ቀነስሁ፤ እርሷም ቀነሰች። ቆምሁ። ያን ጊዜ ደረሰችብኝና ጎን ለጎን ሄድን፤ ከተጋባን ጀምሮ አድርገነው አናውቅም።

ከሜዳው ጫፍ ስንደርስ «ጉሙ ተገለጠ እኮ፤ ተራራው እንዴት ያምራል!» አለች።

ለእኔ ሁሉም ገና ነጭ ነበር።

«ሌላ የደበቁኝ አለ?»

መልሱ ከእግሬ ይልቅ ከበደኝ። «ዳዊቱን የምደግመው በቃሌ ነው» አልኋት። «ገጹን የምገልጠው እንዲያው ለወጉ ነው።»

ከብት የሚነዳውም እንጨት የተሸከመውም እያየ፣ በገላጣው ሜዳ መካከል ክንዴን ያዘች። አላስለቀቅኋትም። ነገ እወጣ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሜዳውን እንደ ገና ዞርን።