ለአራተኛ ጊዜ እንዳይመረቅ ስለምንለምነው የማዋለጃ ክፍል

ለተከበሩ የክልሉ ምክር ቤት አባል፣ የጤና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የሠፈራችን ልጅና የሦስት የምርጫ ዘመን እንደራሴያችን፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከፊትዎ እየሮጠች መንገድ የምታስለቅቅልዎ መኪና በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ተስፋ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኛ እንደተዉን አለን። እኔ ከገበያው ጀርባ በአንዲት የስፌት መኪና ቤተሰቤን የማስተዳድረው፣ የመጀመሪያ ሱፍዎን የሰፋሁልዎ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰዎች ክቡርነትዎ ረስተውኛል ቢሉም እኔ ግን ምርጫ በደረሰ ቁጥር ትዝ እንደምልዎ ስለማውቅ ሐሜታቸውን አልቀበልም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከ ሰው ያደረሰን መልእክት ነው። የሠፈራችን የማዋለጃ ክፍል ያለ ፈቃድ ስለተከፈተ በአስቸኳይ ተመልሶ እንዲቆለፍ፣ ክቡርነትዎም ከምርጫው በፊት መጥተው በካሜራ ፊት መርቀው እስኪከፍቱት ድረስ ማንም እንዳይገባበት የሚል ነው። በክፍሉ ውስጥ ሰሞኑን የወለዱ እናቶች አሉ፤ ቀናቸው ደርሶ ዛሬ ነገ የሚሉም አሉ። ምጥ የእርስዎን ፕሮግራም እንዲጠብቅ የሚያዝ ደንብ ምክር ቤቱ አውጥቶ ከሆነ እኛ አልሰማንም።

መልሳችንን ከመስጠቴ በፊት ግን ውለታዎን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ሥራዎችዎን በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመሰግንዎ ይፍቀዱልኝ።

፩. በመጀመሪያው ምርጫ ጊዜ በእግርዎ፣ ጭቃ እየረገጡ በየቤታችን ገብተው ነበር። ምላስዎ ጤፍ ይቆላ ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ከእንግዲህ በመኪና ተጭና ሩቅ ሆስፒታል እንደማትንገላታ፣ የማዋለጃ ክፍል እዚሁ እንደሚሠራልን ቃል ገቡልን፤ የመሠረት ድንጋዩንም አስቀምጠው በጭብጨባ መረቁልን። መረጥንዎ። ከዚያም ጉዳያችንን ሲያነሡ ለማየት አንድ የምክር ቤት ዘመን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ጠበቅንዎ። አንድ ቀን ማይክሮፎኑን ሲያበሩ ያየ ሰው ሠፈሩን ሁሉ ጠርቶ ሰበሰበ፤ እርስዎም በስተጀርባዎ ያለው መስኮት ነፋስ ስለሚያስገባ ይዘጋልኝ ብለው ጠየቁ። ወዲያው ተዘጋልዎ። የሠፈራችን ሰው አቤቱታ እንዲህ ፈጥኖ መልስ ሲያገኝ ያየነው በዚያን ቀን ብቻ ስለሆነ ምስጋናችን ወደር የለውም።

፪. ሁለተኛው ምርጫ ሲቃረብ ግድግዳው ቆመ፣ ጣራው ተመታ፣ እርስዎም ሪባን ቆርጠው መረቁልን። አልጋ ገባ፣ ሚዛን ገባ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች በሰልፍ ቆሙ። ካሜራው ሲሄድ አልጋውም ሚዛኑም በመጡበት መኪና ተጭነው ተመለሱ። ጋዋን ለባሾቹም አብረው ተሳፈሩ። የቀረልን ዘበኛው ነው፤ እሱም ደመወዙ የሚዘገይበት ሰው ስለሆነ የሚጠብቀውን ባዶ ቤት እያየ ሲስቅ ይውላል።

፫. በሦስተኛው ምርጫ ዋዜማ ደግሞ ክፍሉ «ለአገልግሎት ዝግጁ መሆኑን ለማብሠር» በድጋሚ ሊመርቁት አሰቡ። ሰዎችዎ ያንኑ የተቆረጠ ሪባን አምጥተው ቀጥልልን አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ እኔ ሥራዬን የማከብር ሰው ነኝ። መጋጠሚያው እንዳይታይ አጠፍኩት፣ ደረብኩት፣ በወፍራም ክር ደጋግሜ ሰፋሁት፤ ሪባን የሚሠራው ሊቆረጥ መሆኑን ፈጽሞ ረስቼ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ አድርጌ አጠነከርኩት። እርስዎም መቀስዎን ልክ በዚያች መጋጠሚያ ላይ አሳረፉ። መቀሱ እምቢ አለ። በቀኝ ሞከሩ፣ በግራ ሞከሩ፣ ላብዎ ጠብ ጠብ አለ፤ ጭብጨባው ተጀምሮ አለቀ፣ እንደገና ተጀመረ። በመጨረሻ የእኔን መቀስ ከእጄ ወሰዱ። ልብስ ሰፊ የጨርቅ መቀሱን ለገዛ ወንድሙም እንደማያውስ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለእርስዎ ግን ማን እምቢ ይላል? ቆረጡ፣ ለአጃቢዎ አቀበሉ፣ መቀሴም ከእናንተ ጋር መኪና ውስጥ ገብቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ከተማ ገብቶ ለትልቅ ደረጃ እንደበቃ ተስፋ አለኝ።

፬. ይህኛው ምስጋና ይከብደኛል። ከዚያ ምረቃ በኋላ ምክር ቤቱ የቧንቧ ውሃ ለሌላቸው የማዋለጃ ክፍሎች አዋላጅ እንዳይመደብ ሲወስን፣ ከሁሉ ቀድሞ ከፍ ያለው እጅ የእርስዎ ነበር። የእኛ ክፍል ውሃ እንደሌለው ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለክፍሉ የተዘረጋው ቧንቧ ደጃፉ ላይ ታጥፎ እርስዎ ወደሚያሠሩት ቪላ ሄዷልና። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠለጠለ።

በዚያው ክረምት ታናሽ እህቴን ምጥ ያዛት። ያገኘነው አሸዋ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ነበር። መኪናው በዚያ በር ፊት ሲያልፍ እህቴ እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ «ይሄ አይደል እንዴ የተሠራልን? ለምን አንወርድም?» አለችኝ። ሕፃኑ ሆስፒታል ሳንደርስ ሞተ። እህቴ ተርፋለች፤ መትረፍ ከተባለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ ስትሄድ በዚያ በር በኩል ላለማለፍ ዞራ ነው የምትሄደው።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትሕትናዬን ለጥቂት ጊዜ ላስቀምጠው። ጠላሁዎት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም፣ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ለእህቴ ልጅ ልቅሶ ሊደርስ የመጣ የእርስዎ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱን በኋላ ሰማሁት፤ ያኔ የጤና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙበትን ደስታ እያከበራችሁ ነበር። እንኳን ደስ ያለዎ ሳልልዎ መቅረቴን እንደ ጥፋት እንዳይቆጥሩብኝ።

፭. ዘንድሮ ተራው የልጄ ሆነ። የእህቴን መከራ አይታለችና ሆዷ እየገፋ ሲመጣ እንቅልፍ አጣች። እኔም ክፍሉ ይከፈት ብዬ ጽሕፈት ቤትዎ ስሄድ ቁልፉ ክፍሉን የሠራው ተቋራጭ ጋ ነው አሉኝ፤ ተቋራጩ ጋ ስሄድ ጽሕፈት ቤትዎ ነው አለኝ። ላይ ታች ስል ጫማዬ አለቀ፤ እርስዎን ግን ማግኘት አልቻልኩም፤ ስለ እናቶች ጤና በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ሠፈሩ ተማከረ። የሠፈራችን ብረት በያጅ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ቁልፉን ቆረጠ፤ ዘበኛው እንዳላየ ሆኖ ፊቱን አዞረ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ተመልሶ በሩን አብሮ ገፋ። ጡረታ የወጡት አዋላጃችን መነጽራቸውን ጠራርገው፣ «እስከዛሬ ምን ትጠብቁ ነበር?» ብለው ተቆጡን። አናጢው አልጋ ሠራ፣ ሴቶቹ ውሃ በጀሪካን እያፈሉ ተቀባበሉ፣ እኔም በተውሶ መቀስ አንሶላና መጋረጃ ሰፋሁ። ልጄ ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ጩኸት ሲሰማ እህቴ፣ ያንን በር የማታይ የነበረችው እህቴ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያም ተነሥታ ገብታ አቀፈቻት። አንጀቴ ራሰ።

እንግዲህ ለመልእክትዎ መልሳችን አጭር ነው። አንቆልፍም። ቧንቧውን ሲመልሱልንና አዋላጅ ሲመድቡልን እናመሰግንዎታለን፤ እስከዚያው ድረስ በእኛ ጀሪካንና በእኛ አሮጊት አዋላጅ እንቀጥላለን። ለመመረቅ የቀረ ነገር ስለሌለም ለዚህ ብለው እንዳይደክሙ በትሕትና እንለምናለን። የግድ እመጣለሁ ካሉ አንከለክልዎም፤ ከቪላዎ አንድ ጀሪካን ውሃ ሞልተው ይዘው ይምጡ፣ አዋላጃችን ወለሉን በጫማ መርገጥ ስለማይወዱም በር ላይ ጫማዎን ያውልቁ።

ከዘመን ወደ ዘመን እየጨመረ የሄደውን ወገብዎን ሳይለካ በዓይኑ የሚያውቅ፣ ሦስት ጊዜ መርጦዎት ሦስት ጊዜ የተመረቀለት፣ ታዛዥዎ ለመሆን ብዙ ሞክሮ ያልሆነለት፣

የገበያው ጀርባ ልብስ ሰፊ፣
አዲስ አያት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የላኩት ሰው በነጋታው አዲስ ቁልፍ ይዞ ተመልሶ እንደነበር ሳይነግርዎ አይቀርም፤ ሳይቆልፍ የሄደበትን ምክንያት ግን አፍሮ ሳይደብቅዎ አልቀረም። በሩ መሐል ወንበር አውጥተው የተቀመጡ አሮጊት አገኘ፤ እናትዎ ናቸው። እባክዎ ይነሡልኝ ቢላቸው፣ «እሱን ራሱን የወለድኩት ሆስፒታል ሳልደርስ መንገድ ላይ ነው። መቆለፍ ከፈለገ ይምጣና እኔን አንሥቶ ይቆልፍ» ብለው መለሱለት። ይህን በምጽፍበት ሰዓትም እዚያው ተቀምጠዋል፤ ሲመጡ ካሜራውን እንዳይረሱ።