ከቀዝቃዛው ሻይ ያንቺ ድርሻ

ለውድ እህቴ ለናጃህ፣
ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚቆርጥሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? የምትሠሪበት ቤት ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ቢያማትም እኔን ለመቆጣት አቅም አላነሳትም። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ልብስ ነጋዴው ጎረቤታችን ሙባሪክ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ በደወልሽ ቁጥር እናታችን ጆሮዋን ከስልኩ ጋር አጣብቃ ነው የምትቀመጠው። አሁን የምጽፍልሽ ደግሞ ከሷ የተነሣ ነገር ነው።

ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል። ቀዝቃዛው ሻይ ቡታጅራ ላይ የሚያስኬድ ከሆነ እንደማታሳድሺና መጥተሽ ሻይ ቤቱን አብረሽኝ እንደምትሠሪ፣ ካልሆነ ግን እዚያው እንደምትቆዪ ነግረሽኛል። መልሴን እየጠበቅሽ መሆኑን ስለማውቅ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ።

የጀመርነው ልክ አንቺ እንዳልሽው ነው። ውሃው እስኪንተከተክ ይፈላል፣ ቅጠሉ ይገባበታል፣ ተከድኖ ይቆያል፣ ከዚያ ተጣርቶ ትኩስ እያለ ስኳሩ ይማሰልበታል። ባለቤቴ ሰፍያ ከሰል ለመቆጠብ ብላ ውሃውን ፀሐይ ላይ አሙቀን ቅጠሉን ብንዘፈዝፍበትስ ብላ ነበር። ለብ ያለ ውሃ ጀርም ያረባል እንጂ አይገድልም ያልሽኝን አስታውሼ እምቢ አልኩ። በረድ ሲል በፈላ ውሃ በታጠበው ባለ ክዳን ጆግ ገልብጠን አንቺ የላክሽው ፍሪጅ ውስጥ እናስገባዋለን። ሎሚው የሚጨመቀው ሰው ሲያዝ፣ ብርጭቆው ላይ ብቻ ነው። መብራት በፈረቃ ስለሆነ የጨለማው ተራ እኛ ጋ ሲደርስ የተረፈውን ደፍተን ትኩስ ሻይ ብቻ እንሸጣለን።

መጀመሪያ ላይ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። ከሆሳዕና የሚመጣው አውቶቡስ መናኸሪያ ገብቶ ገና ሳይቆም ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ይዘረጋል። ሾፌሮቹ እንኳ ለስላሳውን ትተው የኛን ይጠይቁ ጀመር።

ከዚያ ሻዩ ይከዳን ጀመር። ጠዋት ያፈላነው ከሰዓት በኋላ ኮምጠጥ ይላል፣ አንዳንዴም ከላዩ አረፋ ይይዛል። መምህሩን ጋሽ አስረስን ታስታውሻቸዋለሽ፤ ከጎንደር መጥተው እዚሁ የከተሙት፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኛ ቤት ሳይቀመጡ የማይገቡት። እሳቸው ጠጥተው ሆዳቸው ተበጥብጦ ከአልጋ ዋሉ። ሲሻላቸው መጥተው፣ ሸምሶ፣ ምን በድዬህ ነው አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወሬው ገበያ ለገበያ ዞሮ ሰው ትኩሱንም ሻይ እየጠረጠረ በደጃችን ማለፍ ያዘ። እኔ ደግሞ ላንቺ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጨነቀኝ።

ውሃውን ጠረጠርኩ፣ ስኳሩን ጠረጠርኩ፣ ፍሪጁንም ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ጆጉን በደንብ አታጥቢም ብዬ ሰፍያ ላይ ጮህኩባት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ እስቲ አንተ ራስህ እጠበው ብላ ጆጉን እጄ ላይ አስታቀፈችኝ። አጠብኩት። ሻዩ ያው ሆነ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ባለፈው ጁምዓ ለሶላት ወጥቼ ኮፍያዬን ረስቼ ብመለስ፣ እናታችን ፍሪጁን ከፍታ በስኒ ማስቀመጫ የተከደነ ብርጭቆ ከጥግ አውጥታ አዲሱ ሻይ ላይ ትገለብጣለች። ምንድነው እሱ ብላት፣ የናጃህ ድርሻ ነዋ አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ሻዩ ሲቀዳ ላንቺ አንድ ብርጭቆ ታስቀራለች ለካ። በዓል ሲሆን የሩቅ ሰው ድርሻ ከክትፎው እንደምታስቀረው ማለት ነው። በነጋታው የሚጠጣው ሰው ስለሌለ፣ የልጄን ድርሻማ አልደፋም ብላ አዲሱ ላይ ትጨምረዋለች፤ ከዚያም ላይ መልሳ ታስቀርልሻለች። እኛ የተረፈውን ስንደፋ ያንቺ ብርጭቆ መብራት በሌለው ፍሪጅ ውስጥ ሞቆ ያድራል። ስለዚህ እኛ ዕለት ዕለት አዲስ ሻይ አፈላን ስንል፣ የከረመው ባንቺ ብርጭቆ በኩል እየዞረ ይመጣል። ይሄ እኮ ያበላሸዋል ብላት፣ ቆጮስ አሮጌው ካልገባበት መቼ ይቦካል ብላ መለሰችልኝ።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። አልቻልኩም። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እማ፣ ይሄ ቆጮ አይደለም፣ እርጎም አይደለም፣ ትንሽ አሮጌ ከነካው ሁሉንም ያበላሸዋል፣ ጋሽ አስረስን የጣላቸውም እሱ ነው አልኳት። ደነገጠች። ታዲያ የሷን ምን ላይ ላስቀምጥላት አለችኝ። ናጃህ፣ አንጀቴን በላችው። ጆጉን ይዤ ወጥቼ ሻዩን ደፋሁት፤ ሶላቱም አመለጠኝ።

ሰፍያን ይቅርታ ጠየቅኳት። ለጋሽ አስረስም እውነቱን ነገርኳቸው፤ እናት ናት፣ ምን ይደረጋል አሉና በማግስቱ መጥተው በሰው ፊት ጠጡልኝ። እናታችን አሁን ያንቺን ድርሻ ጠዋት ከሚፈላው በትኩሱ ትቀዳና ለመንገደኛ ትሰጣለች፣ ለልጄ ዱዓ አድርጉላት እያለች። ጆጉም ሲመሽ ታጥቦ ተደፍቶ ያድራል። ሻያችን ከዚያ ወዲህ አልኮመጠጠም፣ ሰዉም እየተመለሰ ነው።

እንግዲህ ያስኬዳል ወይ ላልሽው፣ በበጋ ያስኬዳል። ክረምት ሲገባ ቀዝቃዛ የሚጠይቅ የለም፤ ያኔ በትኩሱ እንኖራለን። ሀብታም አያደርግሽም፣ ጾምሽንም አያሳድርሽም። ወንድምሽን ከጠየቅሽኝ ግን አታሳድሺ፤ ነይ። ናፍቀሽኛል።

ሰፍያ ሰላም ብላሻለች፤ ጆጉን አሁን ማን እንደሚያጥበው ሸምሶን ጠይቂልኝ ትላለች። ልጄ ፈቲሀ አክስቴን ሳሙልኝ ብላለች። የጋሽ አስረስም ሰላምታ ይድረስሽ፤ ከመጣሽ በኋላ እሳቸው ሳይቀምሱ አንቺ ከጆጉ ቀድመሽ ስትጠጪ ማየት ይፈልጋሉ። አብራሽ ለምትሠራው ለአደይ ሰላም በይልን።

እናታችንን፣ ለናጃህ ምን ብዬ ልጻፍላት ብላት፣ ሰላምታዬን መጥታ ትውሰድ፣ ድርሻዋ እንደሆነ አላድር ብሏል አለችኝ።

ወንድምሽ ሸምሶ

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.