በክፍል ሁለት ያለፈችው ሴት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ልጄ፣ የእኔ ሬሳ ቀቢ፣

እጅሽ ላይ ቀለም ካለ መጀመሪያ ታጠቢና ከዚያ አንብቢኝ። ባለፈው የላክሽልኝ ደብዳቤ ላይ የአውራ ጣትሽ አሻራ በቀይ ታትሞበት ነበር። ፖስታ አዳዩ «ደም ነው እንዴ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። «አይ፣ ልጄ ሥራ ላይ ሆና ጽፋው ነው» ስለው ጭራሽ ደነገጠ።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚወራለት ሕመም የለኝም። ዓይኔም የሩቁን አሁንም አጥርቶ ያያል፤ የሚያስቸግረኝ የቅርቡ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከማሽን ክፍል ሆኖ በአንዲት ቀዳዳ ሩቅ ሸራ ላይ ሲያፈጥ የኖረ ሰው፣ ሌላ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ጤናዬ አይደለም። ከሞት የሚነሡትን ሬሳዎች ፊት የቀባሽበት ፊልምሽ መጣ። ክፍል ሁለቱ። እኔ በሠራሁበት ሲኒማ ቤት አንድ ሳምንት ታየ።

እኔና አንቺ ስድስት ዓመት በደብዳቤ የተጨቃጨቅነው በዚሁ ጉዳይ ነው። እኔ የሆሊውድ ሰው ነኝ፤ አልክድም። ሆሊውዶች ክፍል ሁለት ሲሠሩ ሁሉን ነገር ያበዙታል። በመጀመሪያው አንድ ሕንፃ ከተቃጠለ በሁለተኛው ከተማው በሙሉ ይነዳል። አክተሩ አይሞትም፤ ሚስቱ ትድናለች፤ ሕዝቡም ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። «ሐዘን በየቤቱ ሞልቶ የለም እንዴ? ሰው ሲኒማ ቤት ድረስ ሄዶ ለምን ይፈልገዋል?» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? «አባዬ፣ እዚያ ዞምቢ ማለት የሚተኮስበት ነገር ነው። እዚህ እንግሊዞቹ ዘንድ ግን ትናንት ጎረቤት የነበረ ሰው ነው። እኔም ስቀባው ጎረቤቱን እያሰብኩ ነው።» እኔ የተረገምኩ «ሬሳ ያው ሬሳ ነው» ብዬ ላክሁልሽ። ሁለት ወር ዘጋሽኝ።

ባለፈው ሰኞ ሻማ ደወለልኝ። ሻማን መቼም አትረሺውም፤ በቁመቱና በቅጥነቱ ያንን ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ። አሁን ጠጉሩ ሸብቷል፤ ማሽን ክፍሉም የእሱ ሆኗል። «ጋሼ፣ የልጅዎ ፊልም ገብቷል። የስምንት ሰዓቱን ይምጡ፤ ያኔ ሰው አይበዛም» አለኝ።

እውነትም አሥራ አንድ ሰው ብንሆን ነው። አሥረኛው ረድፍ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፋ፤ ሸራው ላይ ዝናብ መዝነብ ጀመረ። እሳት የለ፣ ሄሊኮፕተር የለ። ባሕር ዳር ያለች አንዲት ግራጫ ከተማ፣ ውስጧም አንድ አዛውንት የአውቶቡስ ሹፌር። ሰዉን ሁሉ የሚንቀሳቀስ ሬሳ ያደረገው በሽታ አልፏል፤ ተሳፋሪ የሚባል አልቀረም። ሰውየው ግን በየቀኑ ተነሥቶ በዚያው መስመር ይነዳል። በየፌርማታው ሙታኑ ቆመዋል። እሱም ይቆማል፤ በሩን ይከፍታል፤ ማንም አይሳፈርም፤ በሩን ይዘጋል፤ ይሄዳል። ሆሊውድ ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ሙታኑን እየደፈጠጠ ነበር የሚያልፈው። ይኼ ሰውዬ ግን ልጄ፣ በዚያ ጭር ባለ ጎዳና ላይ ፍሬቻ ያበራል! ብቻዬን ሳቅሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞራ ገላመጠችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ሰውየው መናፈሻው አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሳለ ጉም ወረደ። ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ከጉሙ ውስጥ አንዲት ሴት ወጥታ በአውቶቡሱ ፊት ቀስ እያለች ተሻገረች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፤ ቋጠሮው ከግራ ጆሮዋ በላይ ነው። ከላይኛው ከንፈሯ ጥግ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ግራ ቅንድቧን ለሁለት የከፈለ ቀጭን ጠባሳም አላት፤ ያ የወጥ ቤቱ መስኮት የተወላት ጠባሳ። መንገዱ መሐል ስትደርስ ወደ ሹፌሩ ዞራ አየችና አለፈች።

እናትሽ ናት፤ በሌላ ሴት ፊት ላይ ቀብተሽ የመለስሻት እናትሽ። ደግሜ ለማየት ዓይኔን ስጠርግ ጉሙ ውጧታል።

ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ሻማ ወርዶ ትከሻዬን ነካኝ። «ጋሼ፣ መብራት በርቷል እኮ። አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «ደህና ነኝ» አልኩት። በማግሥቱም በስምንት ሰዓት ሄድኩ። ከዚያም በማግሥቱ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጽዳቶቹ ወንበሩን ሳይወለውሉ ቀድሜ ሄጄ ሻማን ለመንኩት። «እዚያች ቦታ ላይ አቁምልኝ።» ለምን ብሎ አልጠየቀም። በድሮው ማሽን ቢሆን የቆመ ፊልም በመብራቱ ሙቀት ይቃጠል ነበር፤ የዛሬው ግን እስከፈለግሽ ድረስ ዝም ብሎ ይቆማል። እናትሽ በባዶው አዳራሽ ውስጥ ቆመች። እየተንደረደርኩ ወደ ሸራው ሄድኩ። ስቀርባት ግን ጠፋችብኝ፤ ድምፅ የሚያሳልፉት የሸራው ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ብርሃን ብቻ ሆነችብኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ስቀመጥ እንደገና መጣች። እንደዚያው በሩቁ አወራኋት።

የነገርኳትን ላንቺም ልንገርሽ። እናትሽ ሆስፒታል ውስጥ ባረፈችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ማሽን ክፍሉን አንኳኩተሽ «አባዬ፣ እማዬ ትጠራሃለች፤ ቶሎ ና» ስትዪኝ «አንድ ጥቅል ፊልም ቀርቷል፤ እሱን ጨርሼ» አልኩሽ። እውነት ነው፣ ጥቅሉ ቀርቶ ነበር። ነገር ግን ሻማ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ማሽኑን ከእኔ ባላነሰ ያጫውተው ነበር። ሥራ አልነበረም የያዘኝ። ፈርቼ ነው ልጄ። ስትሄድ ማየት ፈርቼ ነው። አንቺ ደግሞ ትተሽኝ አልተመለስሽም፤ በሩ ላይ ቆመሽ ጠበቅሽኝ። ሆስፒታል ስንደርስ አንሶላውን ፊቷ ላይ ስበው ሸፍነዋት ነበር። እኔ በፍርሃቴ የቀረሁበትን አንቺ በእኔ ምክንያት ቀረሽበት። ይህንን ስድስት ዓመት በሙሉ አንድም ቀን በቃል አልተናገርሽኝም። ስለ ፊልም ነበር የምትጽፊልኝ።

አርብ አክስትሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔና አክስትሽ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም ነበር። መርፌ እያዘጋጀች «አሞሃል?» አለችኝ።

«የለም። እሑድ ሲኒማ ልወስድሽ ነው።»

«ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሳይ እውላለሁ፤ እሑድ ደግሞ ሬሳ ልይልህ?»

«የእህትሽን ፊት ነው የምታይው» አልኳት። መርፌውን አስቀመጠች።

እሑድ መጣች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳደረገች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ሆና ተቀመጠች። ጉሙ ሲወርድ እጄን ያዘችኝ። ጥፍሯ እስከ ዛሬ ያመኛል። ጨርሰን ስንወጣ መግቢያው ላይ ካሉት ትንንሽ ጠረጴዛዎች ባንዱ ተቀመጥን። ሻይ አዘዝኩ። ሻይዋን በማንኪያ አማስላ አማስላ፣

«ልጅቷ አልተሳሳተችም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል።»

«ምን?»

«ፈገግታዋ። እህቴ ስትሄድ ፈገግ ብላ ነበር። ልጅቷ አላየችማ፤ ከየት ታመጣዋለች?»

እሷ ቀጠለች። «ልጅቷ እንደወጣች እህቴ ነቃች። ‹የት ላካችኋት?› አለችኝ። ‹እሱን እንድትጠራ› አልኳት። ሳቀች፤ በዚያች ትንፋሿ ሳቀች። ‹እሱ እኮ ልጁ ክትባት ስትወጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ሰው ነው። ተይው፣ አታስጨንቁት› አለች። ቀጥላም ‹ሲመጡ ግን እንዳይጣሉ ንገሪያቸው› አለች። በቃ፣ ሌላ አልተናገረችም።»

«ለምን ሳትነግሪን ቀረሽ?»

«ተናድጄብህ ነበራ!» ድምፅዋ መግቢያውን ሞላው፤ ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ አየን። ከዚያ ቀስ አለች። «ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ልጅቷ ሄደች። ከሄደች በኋላ ደግሞ አፈርኩ። መልእክት ተቀብሎ ሳያደርስ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ሰው በምን አፉ ይናገራል?»

ሁለታችንም ሻዩን ሳንጠጣው ተነሣን። ደረጃው ላይ ክንዴን ደገፍ አደረገችኝ፤ እኔም እንደታመመ ሰው ተደገፍኩ። ውጪ ፀሐይ ነበረች። ከጨለማ ሲወጡ ያለችው ያቺ የምታሳውር ፀሐይ፣ ታውቂያት የለ? ሰው ሁሉ በነጭ ብርሃን ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር።

አሁን ስለ ክርክራችን። ሙሉ በሙሉ ተሸንፌያለሁ ብለሽ እንዳትጨፍሪ። ሆሊውዴን አልተውም፤ ሕይወቱን በሙሉ አክተሩ ሲተርፍ ያየ ሰው በአንድ ሳምንት አይለወጥም። አንድ ነገር ግን ልመንልሽ። እዚያ ሙታን የሚመለሱት አክተሩ ደግሞ እንዲገድላቸው ነው። ያንቺዎቹ ግን የሚመለሱት አንድ ሰው ደህና አድርጎ እንዲያያቸው ነው። የመጨረሻውንም በስተመጨረሻ እሑድ አየሁት፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ እጁን መሪው ላይ ጥሎ ሲነጋ ይቀመጣል። የሚያድነው አይመጣም። ድሮ ቢሆን «ይኼ ደግሞ መጨረሻ ነው?» እልሽ ነበር።

ፊልሙ ትናንት ወረደ፤ በቦታው የሕፃናት ካርቱን ገብቷል። አክስትሽ አድራሻሽን ወስዳለች። ደብዳቤዋ ሲደርስሽ የመድኃኒት ማዘዣ መስሎሽ እንዳትጥይው፤ ጽሕፈቷ አሁንም ያው ነው። የፈገግታዋን ነገር አጣርታ የምትጽፍልሽ እሷ ናት።

ክፍል ሦስቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ወር ያህል ሥራ እንደሌለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ምንም አልጠየቅሁሽም። የሰፈር ወሬ ያህል ግን ልንገርሽ፤ ክፍልሽን ትናንት ቀለም ቀባነው። እኔ ነጭ ነበር የፈለግሁት፤ አክስትሽ «ልጅቷ ነጭ ፊት ስታይ ነው የምትውለው፤ ይሰለቻታል» ብላ ቢጫ አስመረጠችኝ። አልጋውንም ወደ ብርሃኑ አዞርነው። ቀለሙ እስከዚያ ይደርቃል።

እጅሽ አይዛልብሽ። የምትቀቢያቸው ፊቶች በሕልምሽ ሲመጡ በደግ ይምጡልሽ። ብርዱ ይራራልሽ፤ የሚያከብርሽ ሰው አይጥፋብሽ፤ እናትሽን ያሳየሽኝ ልጄ፣ አንቺንም ዓይኔ ሳይደክም ያሳየኝ።

አባትሽ