የሙዟ እናት ለምን ተቆረጠች

ለወንድሜ ለዘመድኩን፣

ጤናህ እንዴት ነው? የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ዮርዳኖስስ፣ ትንሹ ኦሊያድስ ደህና ናቸው? እኛ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

በስልክ ብነግርህ ሳቅህ። በወረቀት የምጽፍልህም ለዚሁ ነው፤ ስትስቅ አልሰማህም።

ለፋሲካ የመጣህ ጊዜ ልጄን ኖላዊትን እሽኮኮ አድርገህ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወዳለው ሙዛችን ወስደሃት ነበር። ባለቤቴ ካሱ ዘለላዋ የደረሰላትን ሙዝ በገጀራ ሲጥል፣ ለምን እንደሚቆርጣት ጠየቀችህ። አንተም የተማርከውን ልታሳይ፣ ከሥሯ ያለችው ልጅ እንድታድግ እናቲቱ ትቆረጣለች አልካት። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ! ከዚያ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ሄድክ።

በሳምንቱ ምግብ እምቢ አለች። የምትወደውን ዓሣ እንኳ ገፋችው። ጤና ጣቢያ ወስደናት የትላትል መድኃኒት ሰጧት። የቤተ ክርስቲያን እናቶች መጥተው ጸለዩላት። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ቅብጠት መስሎኝ ሁለት ጊዜ ገረፍኳት። ቀሚሷ ሰፍቷት ከትከሻዋ ይወርዳል።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ፀዳለ ልጆቹን ግድግዳ እያስደገፈች ቁመታቸውን ስትለካ ኖላዊት ጉልበቷን አጥፋ፣ አላደገችም በይልኝ እያለች አለቀሰች። ካደገች እናቷን እንደሚቆርጧት የነገረቻት ያን ጊዜ ነው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ፀዳለ ናት።

ሰውና ሙዝ አንድ እንዳልሆኑ ስንቴ ነገርኳት! አጎቴ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፣ አንቺ አልተማርሽም አለችኝ። አሁን በግድ ወተት እናጠጣታለን። ካሱ ገጀራውን ጎረቤት አስቀምጧል።

ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች አልከኝ። ልጅ ስለሆነች እኮ ነው የሰማችውን ሁሉ የምታምነው! የእኔን ቃል ትታ ያንተን ይዛለች። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀህ ና፤ ያበላሸኸውን ራስህ አስተካክል። በስልክ አይሆንም፣ ዓይንህን እያየች ትስማህ።

ዮርዳኖስን ሰላም በልልኝ። ኦሊያድን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፤ እባክህ እሱን ደግሞ ምንም አታስተምረው። ካሱ ሰላም ብሎሃል፣ እሱ እንደ እኔ አልተቆጣህም። ኖላዊትም ጠይቂልኝ ያለችው አለ። እናታችን አንተ ዩኒቨርሲቲ በገባህ ዓመት እንዳረፈች ነግሬያት ነበር። አጎቴ ያደገ ጊዜ እናቱን ማን ቆረጣት ትልሃለች።

እህትህ ዓለምጸሐይ
አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.