አንቺሆዬን የሚያውቀው ኪቦርድ

ጌትዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ቤታችን ግን ተለውጧል። ሳሎኑን ልጅህ ሰብለ ወርሳዋለች። ሶፋው ላይ ሽቦ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ መበየጃ፤ እንግዳ ሲመጣ የምናስቀምጥበት እናጣለን። አንተ እንዲህ ስታደርግ ስጮህብህ የነበርኩት ሴትዮ አሁን እየሳቅኩ አልፋታለሁ።

ስላንተ ሳወራ ሁሌ የምጀምረው ከዚያ የአንኮበር ሠርግ ነው። ሬዲዮ ጥገናውን ትተህ የባንዳችንን የድምፅ መቆጣጠሪያ ሚክሰር የያዝክ ሰሞን። የሠርግ ዘፈን በአንቺሆዬ ቅኝት ስጀምር ኪቦርዱ አልከተል አለኝ። እኔ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ። ተጫዋቹ በእረፍት ላይ «ከቅኝት የወጣሽው አንቺ ነሽ» ሲለኝ እንባዬ መጣ። አንተ ከስፒከሩ ኋላ ብቅ ብለህ «እሷ ልክ ናት፤ አንቺሆዬን የማያውቀው ማሽኑ ነው» አልክ። እስከዚያ ቀን «ማይኩን ጠጋ አድርጊው» ከማለት በቀር አናግረኸኝ አታውቅም ነበር።

ከፋብሪካ የሚመጣው ኪቦርድ ድምፁ አንዴ ተወስኖ ያለቀ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መሃል ያለውን የእኛን ድምፅ አያወጣውም። እሱን ፍለጋ ስንት ዓመት ለፋህ! አዲስ አበባ ስቱዲዮ ተቀጥረህ ቀን የሰው ዘፈን ስትቀርጽ፣ ለራስህ በቀረችህ ሰዓት አሮጌ ኪቦርድ ትፈታለህ። እያንዳንዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ትንንሽ ማዞሪያዎች ያሉት የራስህን መሣሪያ ነደፍክ። መጀመሪያ የሠራኸው እንደ ፍየል ጮኸ። ቀጣዩ ጢስ አወጣ። ወደዚህ ተመልሰን የድምፅ ዕቃ ማከራያ ከከፈትን በኋላ ነው አንድ ቀን ጠርተኸኝ «እስቲ ዝፈኚ» ያልከኝ። ዘፈንኩ፤ ተከተለኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን እንደ ሕፃን ዘለልን።

ስታርፍ መሣሪያህን በጋቢህ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። መዝፈኑንም ተውኩ። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሰብለ አውርዳ ፈታትታዋለች፤ ሆድ ዕቃው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ዘንቢሌን ጥዬ ጮህኩ። «እማዬ አትደንግጪ፤ አባዬ እንዴት እንዳሰበው ገብቶኛል» አለችኝ። ያንተን መልሳ ገጠመችው፤ እሱን አይታም ሌላ ሠራች!

ባለፈው እሑድ ደብረ ሲና ለሠርግ ተጠርተን ሁለቱንም ይዘን ወረድን። አዎ፣ ዘፈንኩ። ሰብለ ያንተን እየተጫወተች ተከተለችኝ፤ አንድም ቦታ አልሳተችኝም። ከዘራ የያዙት አዛውንት ሳይቀሩ ተነስተው ትከሻቸውን ሰበቁ። ጌትዬ፣ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ስንጨርስ የሙሽራዋ እናት መጥተው «ይኼን ከየት አገር አስመጣችሁት?» አሉኝ። «ባሌ ነው የሠራው፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን» ብላቸው አላመኑኝም። ስምህን ከነአባትህ ስም ነገርኳቸው፤ እንዳይረሱትም አስደገምኳቸው።

ጉሮሮዬ እስካለ ድረስ፣ ማን ሠራው ያለኝን ሁሉ እንዲሁ አስደግማለሁ።

ያንተው አስቴር