ባዶ ከሆነ ዝለለው

ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ዛሬስ ከደህናም በላይ ነኝ። በደስታ እየተቻኮልኩ ስለምጽፍ ጽሑፌ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ። ወንድምሽ የጀመረው ሠራ!

ለክሊኒካችን ካርድ ክፍል የሠራልኝን ፎርም ታስታውሻለሽ አይደል? የበሽተኛው ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜና ስልክ የሚሞላባቸው አራት ሳጥኖች፣ ከሥራቸው «ፈልግ» የሚል ቁልፍ። አራቱም ካልተሞሉ ግን ምንም አያወጣም ነበር። «ቅዳሜ እጨርስልሻለሁ እማዬ» አለኝ። ሐሙስ ቀበርነው።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን «ይህ ነገር አልጠቀመንም፤ ይጥፋና ወደ መዝገባችን እንመለስ» አሉ። ልጄን ሁለተኛ ሊቀብሩብኝ መሰለኝ።

«እኔ ባስተካክለውስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «እስከ መጪው ዓርብ ይሞክሩ እንግዲህ።»

የኮምፒውተር ባለሙያችንን ለመንኳት። ከቁልፉ ጀርባ ያለውን ኮድ ከፍታ አሳየችኝ። «አዩ እናቴ፣ ቁልፉን ሲጫኑ ለካርዶቹ ማከማቻ የሚላከውን ጥያቄ የሚጽፈው ይህ ነው። ስልኩን ባዶ ከተዉት፣ ስልኩ ባዶ የሆነ ሰው ይፈልጋል። ስሙን ከተዉት፣ ስም የሌለው ሰው።»

«ስም የሌለው በሽተኛማ መጥቶብን አያውቅም» አልኳትና ሳቅሁ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው።

ከኮዱ መሃል በአማርኛ የተጻፈ አንድ መስመር አገኘን፦ «እማዬ ስልክ መሙላት ትረሳለች። ባዶ ከሆነ ዝለለው።»

«ይህን ኮምፒውተሩ አያነበውም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለሰው የተተወ ማስታወሻ ነው።»

እንዳለው አደረግሁ። የተሞላውን ሳጥን ብቻ ወደ ጥያቄው መጨመር፣ ባዶውን ማለፍ። እሷ እየነገረችኝ እኔ በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ አራት ቀን ፈጀብን። በጥያቄው ውስጥ በሁለት ሳጥኖች መሃል የምትገባዋን «እና» የምትል ቃል ረስቼ ቀይ ስህተት አወጣብኝ። ሌላ ጊዜ አራቱንም ባዶ ትቼ ብጫነው የክሊኒኩ በሽተኛ ሁሉ ግር ብሎ ወጣ። «እናቴ፣ ይህን ሁሉ ሰልፍ ማን ሊያስተናግድልዎ ነው?» ብላ አሳቀችኝ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ትኩሳት የያዛትን ልጇን አዝላ መጣች። የልጇ ካርድ ጠፍቶባታል። የልጅቷን ስምና ዕድሜ ሞላሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት። ስከፍት ካርዱ ወጥቷል! ጮህኩልሽ። ኃላፊያችን በድንጋጤ ከቢሯቸው ወጥተው አዩና «ይቆይ» አሉ። ይቆይ አሉ ልጄ!

ያችን መስመር አላጠፋኋትም። ኮምፒውተሩ ባያነባት እኔ አነባታለሁ።

ስትደውዪ የወንድምሽን ስም የማታነሺው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ከእንግዲህ አንሺው።

እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይቅናሽ። ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ

ስልኩን ዛሬም ሳልሞላ ነው የተጫንኩት። ዘለለው።