በራችን ላይ የሰቀልሁት የጽድ ጉንጉን

ሙሉዬ የእኔ፣

አፈሩ ይቅለልህ። ከተለየኸን ክረምቱ አለፈ፣ ጣናም ሞልቶ ጎደለ፣ ይኸው ያለ አንተ የመጀመሪያው ገና መጣ። ስንት ቀን ሆነ ብትለኝ አልቆጠርሁም፤ ሰው ግን ይቆጥርልኛል። "ጥቁሩን ለማውለቅ ስንት ወር ቀረሽ?" ይሉኛል፣ ልብሱ የጠበበኝ ይመስል።

ቤቱ ደህና ነው። ሲያፈስ የነበረውን ጣሪያ የልጃችን የሕይወት ባል አስጠግኖታል። አንተ "ሰኞ እጠግነዋለሁ" ስትል ስንት ሰኞ አለፈ! በራችን ፊት ባጃጆች ተራ መያዝ ስለጀመሩ ጠዋት ጠዋት በክላክስ ነው የምነቃው። ዘይቱኑ ዘንድሮ ጥሩ አፍርቶ ነበር፣ ወፎቹ ጨረሱት። አንተ ብትኖር ጣሳ እያንኳኳህ ታባርራቸው ነበር። እኔ ዝም አልኋቸው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጉንጉኑ ነው።

ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል አትክልተኛ ሆነህ የገባህ ዓመት፣ ፈረንጆች በገና ሰሞን በር ላይ የሚሰቅሉትን የቅጠል ክብ አይተህ መጣህና "ይኼማ በእኛም እጅ ይሠራል" አልህ። ታንኳ ከሚሠራው ወዳጅህ ከአያ ኢብሬ ዘንድ ሄደህ ታንኳው ከሚሠራበት ከደንገል ሣር የታሰረ ቀለበት ይዘህ መጣህ። በገዛ እጄ አሰርሁት ብለህ ስንት ጊዜ አስደነቅኸኝ! ላዩን ከአጥር የከረከምኸውን የፈረንጅ ጽድ አለበስኸው፣ በየመሐሉም የቁንዶ በርበሬውን ዛፍ ቀይ ፍሬ ሰካህበት። በገና ዋዜማ ማለዳ በራችን ላይ ሰቀልኸውና፣ የዕረፍት ቀንህ ስለነበር ተመልሰህ ተኛህ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ክብ የሚታየው ሬሳ ሳጥን ላይ መሆኑ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ፣ የዕድር ጥሩንባ ሳይነፋ ለቅሶ ቤት የምትደርሰው ሴት፣ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ አየችው። ዱቄቷን መሬት ላይ ጥላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ "ወይኔ ሙሌ! ወይኔ ወንድሜን!" እያለች ደረቷን ስትደቃ የዓባይ ማዶ ሰው ተጠራርቶ መጣ። እኔ ከጓዳ ሮጬ ብወጣ ሴቶቹ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው ያለቅሳሉ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ አለቀስሁ። ይኼኔ አንተ በፒጃማ፣ መፋቂያህን ጎርሰህ ብቅ አልህና "እትዬ ዘርፌ፣ ማን ሞተ?" አልሃት።

"አንተ!" አለችህ።

ሰዉ ሁሉ ክው ብሎ ሲያይህ፣ ጉንጉኑን በመፋቂያህ እያሳየህ "ማንም አልሞተም፣ ተወለደ እንጂ" አልህ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘርፌ በየዓመቱ ዋዜማ በሩ ላይ ቆማ "ዘንድሮስ ማን ሞተ?" ሳትል፣ አንተም ያችኑ መልስ ሳትመልስላት ለእኛ ገና አይገባም ነበር።

ሰኔ ላይ እውነተኛው ሞት ሲመጣ ግን እትዬ ዘርፌ ድምፅ አልወጣትም። ከሁሉ ቀድማ ደርሳ እጄን ያዘች። የሥራ ባልደረቦችህ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የፕላስቲክ አበባ ጉንጉን አምጥተው ሳጥንህ ላይ አኖሩልህ። ቀኑን ሙሉ ያየሁት ያንን ክብ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ስከድን የሚመጣብኝ እሱ ሆነ፤ የአንተን ጽድ ላስታውስ ብል እንኳ ፕላስቲኩ ይቀድመኛል። ስለዚህ ፈራሁ፣ ሙሉዬ። ዘንድሮ የአንተን ካልሰቀልሁ ያኛው ብቻ ሊቀርልኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ብሰቅለው ደግሞ ሐዘኗን ረሳች መባሉ አይቀርም።

ሕይወት ለበዓሉ ከቁንዝላ እንደመጣች አሳቤን ብነግራት ተቆጣች። "እማዬ፣ ዓመት እንኳ ሳይሞላው! ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። "ሰው የማይለው ምን አለ?" አልኋትና ወደ ጓዳ ገባሁ። የአምናውን ቀለበት ከምስማሩ ባወርደው ምስጥ በልቶት ኖሯል፣ እጄ ላይ ፍርስርስ አለ። አንተ ያሰርኸው ነውና ቁጭ ብዬ አለቀስሁለት። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ፣ ከጓሮ የተረፈ ደረቅ ደንገል ፈልጌ ላጥፈው ብል ጧ እያለ ተሰበረብኝ።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። አያ ኢብሬ ሲያየኝ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። በዓሉ የእሱ ባይሆንም ከአንተ ጋር ስንት ዓመት ቆጥሮታል። "ደንገል በደረቁ እሺ አይልም፣ ይራስ" ብሎ አንድ እስር ውኃው ውስጥ ነከረልኝና እስኪለሰልስ ታንኳው ጎን ተቀምጠን አንተን አነሣን። ያኔ ጉድህ ወጣ! አንድም ቀን ቀለበት አስረህ አታውቅም ለካ። ቋጠሮ እጅህ ላይ እየተፈታ ቢያስቸግርህ በየዓመቱ የሚያስርልህ እሱ ነበር፣ አንተ ደግሞ አጠገቡ ቆመህ ወሬ ታወራለህ። እኔን "በገዛ እጄ" እያልህ! ለአያ ኢብሬ ቋጠሮ ነው እንዴ ያን ያህል ያለቀስሁት ብዬ ተናደድሁብህ። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አያ ኢብሬም እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

የዘንድሮውን ራሴ አሰርሁት። እሱ አጠገቤ ሆኖ "ጠበቅ፣ ጠበቅ" ይላል እንጂ እጁን አላሳረፈበትም። ጠማማ ወጣ። ቤት ስመለስ ሕይወት የቁንዶ በርበሬውን ፍሬ በሳህን ለቅማ ጠበቀችኝ። ጽዱን ቆርጬ አለበስሁት፣ እሷ ፍሬውን ሰካች፣ በዋዜማው ማለዳ ሰቀልነው። ጥቁር ልብሴን እንደለበስሁ ነበር።

እትዬ ዘርፌ ረፋድ ላይ መጣች። የሐዘን ቤት የመጀመሪያ ገናውን ብቻውን እንዳይውል ብላ ዶሮ በብብቷ ይዛ ነበር። ጉንጉኑን ስታይ ቆመች። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እኔ ከውስጥ ሆኜ አያታለሁ። ዝም ብላ ከገባች ያ ክብ የሳጥኑ ሆኖ ሊቀር ነው። ስትቸገር ጊዜ እኔው ወጣሁና "እትዬ ዘርፌ፣ ዘንድሮስ ማን ሞተ አትይም?" አልኋት።

እንባዋ እየወረደ "ማንም አልሞተም፣ ተወለደ እንጂ" አለችኝ።

ስንተቃቀፍ ዶሮው አመለጠ። የባጃጅ ልጆቹ ሰፈሩን አዳርሰው ነው የያዙት። አንተ አለማየትህ ቆጨኝ።

ማታ ዓይኔን ስከድን የመጣልኝ ጽዱ ነው፣ አንተም መፋቂያህን ጎርሰህ አጠገቡ ቆመህ።

ሙሉዬ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ በር በገና ባዶውን አይውልም። ደንገሉን አርሼ፣ ጠማማም ቢወጣ፣ በገዛ እጄ አስሬ እሰቅለዋለሁ። ማን አሰረው ብለው ሲጠይቁኝ ግን "ሙሉ ነው" እላለሁ።

ያንተው አለምነሽ